የተጨበጠው እጅ

ይበልጣል ሰውነቱን የሚወድ ሰው ነበር። ሆሳዕና ውስጥ ስፖርት ሲያስተምር ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሸብቶም ግን ከተማሪዎቹ እኩል ፑሽ አፕ ይሠራ ነበር። ቦርጭ ያወጣ ሰው ባየ ቁጥር ከንፈሩን ያጣምማል። «ሰው እንዴት ሆዱን ተሸክሞ ይዞራል? አያስጠላም?» ይላል።

ታዲያ አንድ ማለዳ ተማሪዎቹን አሰልፎ ሲያሟሙቅ ፊሽካው ከአፉ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ግራ ጎኑ ከዳውና ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ሆስፒታል ሲያደርሱት ስትሮክ ነው ተባለ።

ነፍሱ ተረፈች። እግሩም ቀስ በቀስ መለስ አለለትና በከዘራ እየተጎተተ በረንዳው ድረስ መውጣት ጀመረ። ግራ እጁ ግን እንደሞተ ቀረ። መሞቱስ ባልከፋ፤ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተኮማትረው ቡጢ ሆኑ። የተጨበጠ እጅ ደግሞ አየር አያገኝም። ላቡና የሞተው ቆዳ መዳፉ ውስጥ ተጠራቅሞ እንደ ሊጥ ይቦካል፤ ጥፍሩ አድጎ ሥጋው ውስጥ ይቀረቀራል። ሲፈለቀቅ ዝናብ የበላው ካልሲ ይሸታል።

ይበልጣል ተጸየፈው። የራሱ እጅ አልመስለው አለ፤ አንድ ሰው የማያውቀውን ሥጋ ትከሻው ላይ ሰፍቶበት የሄደ መሰለው። በፎጣ ጠቅልሎ ጋቢው ሥር ይደብቀዋል። ሚስቱ አበራሽ ለብ ያለ ውሃ ይዛ ስትመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

«ያንተው እጅ አይደለም እንዴ ይቤ?»

«አይደለም። አጥበሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ።»

ከአፉ ጠርዝ የሚወርደው ለሃጭም ያንገሸግሸው ነበር። ምግብ ለብቻዬ ካልሆነ አልበላም አለ።

ርብቃ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ከሥራ ስትወጣ ጎራ እያለች ታየው ጀመር። የዚያው ከተማ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ እሱ አስተምሯታል።

«ቲቸር፣ ዛሬ እጅዎን እናያለን።»

«አንቺ እዪው።»

«የእኔ ማየት ምን ያደርጋል? ማየት ያለብዎት እርስዎ ነዎት።» ጣቶቹን ፈልቅቃ ከፈተቻቸው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ይበልጣል ጉሮሮው ድረስ የመጣውን መልሶ ዋጠና ዓይኑን ጨፈነ።

«እጁ አጥንቱም ጅማቱም ደህና ነው» አለች መዳፉን ሳትለቅ። «የተጎዳው እጁን የሚያዘው የአንጎልዎ ክፍል ነው። አንጎል ደግሞ ያልታየና ያልተነካ እጅ ይረሳል። ይዩት፣ ይሹት። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው ጣቶቹ ሲከፈቱ ያስቡ። ሐሳቡም ልምምድ ነው።»

«ተኝቼ በሐሳብ ስፖርት ልሥራ?»

«መረብ ኳስ ሲያስተምሩን፣ ከመምታታችሁ በፊት ኳሷ የምታርፍበትን በሐሳባችሁ እዩ ይሉን አልነበር?»

«እሱ ሌላ ነው። ይሄን አልነካም፣ ርብቃ። ይቀፈኛል።»

«ይቅፈፍዎት። እየቀፈፈዎት ይንኩት። ይውደዱት አላልኩም።»

ይበልጣል እሷ ስትወጣ እጁን መልሶ ጠቀለለው።

ብዙም ሳይቆይ ጠና የሚባል ሰው ሊጠይቀው መጣ። ጊምቢቹ የሚያስተምር የድሮ ባልደረባው ነው። ሲሳሳሙ ፎጣው ተፈታና እጁ ዱብ አለ። ጠና አዝኖ በሁለት እጁ ያዘው። «አይዞህ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። ከዚያ ወሬ ያዙ። ይበልጣል ግን ያያል፤ ጠና መዳፉን በሱሪው ጠረገ፤ ያልታየ መስሎት ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ፤ ከንፈሩን አጣመመ። አበራሽ ሻይና ዳቦ ስታቀርብ «በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ሳይቀምስ ተነሳ።

ይበልጣል በሩ እስኪዘጋ አልጠበቀም። «ጉድ እኮ ነው! እንደ በሰበሰ ሥጋ አሸተተኝ!» ብሎ ጮኸ። ጠናን ጠላው። ከንፈሩ ሲጣመም ግን የራሱን ፊት ነበር ያየው፤ ያ ደግሞ ከሁሉም ባሰበት።

«ውሃና ሳሙና አምጪ» አላት አበራሽን።

ሳፋውን ጭኑ ላይ አድርጎ በቀኝ እጁ ግራውን ፈለቀቀ። መዳፉ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ተጋግሯል። አቅለሸለሸው፤ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ወለሉ ላይ አስመለሰ። አበራሽ ልትቀበለው ስትል «ተይኝ» አላትና ዓይኑን ሳይነቅል አጠበው።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያጥባል፣ በሻካራ ፎጣ ይፈትጋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቶቹን በሐሳቡ ይዘረጋል። ሳምንታት አለፉ። ሬሳ እንደማጠብ ነበር። አንዳንዴ ዓይኑን እንደጨፈነ ርብቃን በልቡ ይሰድባል።

ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ቀን እንዲያ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ ሳለ ቀጭን፣ እርጥብ ነገር ቆዳው ላይ ዳኸ። «ኤጭ!» አለ። ዓይኑን ሲገልጥ ከሽንት ቤት የመጣ የመሰለ አረንጓዴ ዝንብ ግራ አውራ ጣቱ ሥር ቆሞ እግሩን ያፋትጋል። ሳያየው ነው የተሰማው! ከራስ ቅሉ እስከ ተረከዙ ዘገነነው፤ አውራ ጣቱ ብድግ አለ፤ ዝንቡ በረረ።

«አበራሽ!»

የወደቀ መስሏት እየሮጠች መጣች።

«እጄን ቀፈፈኝ! ዝንብ… እጄን!»

አበራሽ የበረንዳውን ቋሚ ይዛ አለቀሰች።

ርብቃ በማግስቱ ዓይኑን አስጨፍና በጥጥ ነካካችው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ይሰማዋል፤ ሌሎቹ ዝም። «ይበቃል፤ ከዚህ እንነሳለን» አለች።

የተነሳው ግን ብዙ አልሄደም። ሁለቱ ጣቶች ጠርሙስ ጨብጠው ቀኝ እጁ ክዳን እስኪከፍት ይይዛሉ፤ የቀሩት እንደተኮማተሩ ናቸው። ይበልጣልም እጁን አልወደደውም። ጠዋት ጠዋት ያሸትተዋል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ያጥባል።

ኋላ ርብቃ በባጃጅ ሆስፒታል እየሄደ ከሌሎቹ ታማሚዎች ጋር እንዲለማመድ አደረገችው። ክፍሉ ገና ሲገባ አስጠላው፤ አንዱ ለሃጩ ይንጠባጠባል፣ ሌላው ሽንቱ አምልጦታል። ከቦኖሻ የመጣ ሳህሉ የሚባል ገበሬ እጁን በሻርፕ ጠቅልሎ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ይበልጣል አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ። «ፍታው እስቲ» አለው።

ሳህሉ አንገቱን ደፋ። «ይሸታል፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ፍታው።»

ሻርፑ ሲፈታ ሽታው ወጣ። ይበልጣል ምራቁን ዋጠ፤ ፊቱን ግን አላዞረም። በደህናው እጁ አጠገባቸው የነበረውን የመታጠቢያ ሳፋ ወደ ሰውዬው ሳበ።