የቀኝ ጫማ ጫፍ

«የልጄን እግር ነው እኮ የምልሽ! ስትራመድ ጫፉ መሬት ይጠርጋል» አለች እናትየው፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ሐዘን ነው እቴ። አባቷ ከተቀበረ ገና አራት ቀኑ፤ ምን አቅም ኖሯት ትራመድ?» ጎረቤቷ ጡረተኛዋ ነርስ ሻይዋን ፉት አለች።

የሟች ታላቅ እህት ቫይታሚን ትውሰድ አሉ። በሩ ሥር የተቀመጠው ታክሲ ነጂ ደግሞ የገዛ ወገቡን እየዳበሰ፣ ጀርባዋን በቅባት ብትታሽ እንደሚሻላት አስረዳ። ሁሉም ሐኪም ሆነ። እናትየው ጥርሷን ነከሰች። ይህንኑ ምክር፣ በዚሁ ሳሎን፣ እነዚሁ ሰዎች ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ለባልዋ ሰጥተውት ነበር።

ባልዋ ጫማ ሰፊ ነበር። ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል። የደንበኛውን ጫማ ገልብጦ ሶሉን ያይና «ግራ ጉልበትህን ያምሃል አይደል?» ሲል ባለጫማው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ከሁለት ዓመት በፊት የራሱን ጫማ ገልብጦ አየ። የቀኙ ጫፍ ብቻ ተበልቷል።

«እግሬ አልነሣም እያለኝ ነው» አላት።

«ታዲያ ጫማ አትቀይርም?»

ቀጥሎ እጁ መርፌ መጣል ጀመረ። ከሐኪም ሐኪም ተንከራተተ። አንዱ የጀርባ ዲስክ ነው አለው፣ ሌላው ጭንቀት። አንዱ ራጅ ተነሥተህ ና ብሎት ሲመለስ፣ ሐኪሙ ተቀይሮ ጠበቀው። ሰፈሩ ሲንገዳገድ አይቶ «ጠጥቶ ነው» አለ፤ የመጠጥ ሽታ እንኳ የማይወደውን ሰው! በመጨረሻ እሷም ሰለቻት። «ምንም የለብህም ካሉህ የለብህም! አንተ እኮ በሽታ ወዳድ ነህ!» ብላ ጮኸችበት፤ አብሬህ አልሄድም አለች። ብቻውን ሄደ። ሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ፣ በዚያው ቀረ።

ልጅቷ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ስትገባ፣ የቀኝ ጫማዋ ጫፍ ወለሉን ፋቀ። እናትየው ተከተለቻት።

«እስቲ አውልቂው።»

«አርጅቶ ነው እማዬ፣ ተይው።»

«አውልቂ አልኩሽ!»

ገለበጠችው። ጫፉ ላይ አዲስ ቆዳ ተለጥፏል። ስፌቱን የትም ብታየው አትስተውም፤ ደቃቅና ጥብቅ ነው። መጨረሻው ላይ ግን እንደ ጀማሪ ስፌት ተንጋዷል።

«አባትሽ ነው?»

«ባለፈው ወር።» ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ገልብጦ አየውና ቁጭ አለ። ከዚያ ‹ለእናትሽ አትንገሪያት። መጀመሪያ የኔ በሽታ ስሙ ይታወቅ፤ ያን ጊዜ አንቺን እንደኔ አያንከራትቱሽም› አለኝ።»

እናትየው ጫማውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ያ የመጨረሻው ወር ወረፋ ሁሉ ለራሱ አልነበረም። ተናደደች፤ በሐኪሞቹ፣ በመካሪዎቹ፣ በባልዋ ዝምታ፣ ከሁሉም በላይ በራሷ። እንባዋ መጣ፣ ግን ጊዜ አልሰጠችውም። ወደ መኝታ ቤት ገብታ ከቁም ሣጥኑ ላይ የባልዋን የሕክምና ወረቀቶች አቃፊ አወረደች። ከዚያ ማድ ቤት ተመልሳ ተንበረከከች፤ ጫማውን ለልጇ አጠለቀችላትና ክሩን ሁለቴ ቋጠረች።

ልጇን አስከትላ በሳሎኑ በኩል ወደ በሩ አመራች።

«ሐዘንተኛ ቤቷን ጥላ ወዴት ትወጣለች?» አሉ የባልዋ እህት። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ሲል ነው የከረመው፣ እትዬ።»

ሐኪም ቤቱ ደረጃ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ የብረቱን ድጋፍ ልትይዝ እጇን ዘረጋች። እናትየው አቃፊውን በብብቷ ሸጎጠችና በልጇ ቀኝ በኩል ዞራ ክንዷን ያዘች።

«ቀስ» አለቻት፣ «አለሁ።»