የውሃ ልኩ ጎማ

ዝናቡ ሰባት ሳምንት ዘነበ። ሰማንያ ከረጢት ሲሚንቶ ዕቃ ቤት ውስጥ እንዳለ ደርቆ ድንጋይ ሆነ። መንገዱ ጭቃ ስለ ዋጠው አሸዋ የሚያመጣው መኪና መምጣቱን ተወ። አምስት ቀን ሠርተን ዘጠኝ ቀን እጃችንን አጣጥፈን የተቀመጥንበት ጊዜ ነበር። ከአርባ አንድ ሠራተኛ አሥራ ሦስቱ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄዱ። የቀረነው የምንሄድበት የሌለን ነን።

የምንሠራው ባለ አንድ ፎቅ ጤና ጣቢያ ነው። እኔ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ነኝ። ቀድሞ ግንበኛ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ሲከዳኝ ቁልፍ ሰጡኝ። አካፋ ሲወጣ እጽፋለሁ፤ ሲገባ እጽፋለሁ። ሰው ሲወጣና ሲገባም አያለሁ፤ ያንን አልጽፍም።

ግንበኞቹን የሚመራውን ቱንቢ ይሉታል፤ ሲቆምም ሲናገርም ቀጥ ያለ ነው። አናጢዎቹን የሚመራው ደግሞ ሚስማር ነው፤ ቀጭን፣ ምላሱ የሚወጋ። ሚስማር የቱንቢን እህት አግብቷል። እሷ በየጠዋቱ ሁለት ምሳ ዕቃ በአንድ ዘንቢል አድርጋ በባሏ እጅ ትልካለች፤ አንዱ ለባሏ፣ አንዱ ለወንድሟ። ሁለቱ አማቾች አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠው ይበሉ ነበር። በዝናቡ በአራተኛው ሳምንት አንደኛው ምሳ ዕቃ እንደ ሞላ መመለስ ጀመረ።

ነገሩ የተነሣው በሦስት ጣውላ ነው። ቱንቢ ለመወጣጫ ብሎ ከአናጢዎቹ ክምር ደረቅ ደረቁን መርጦ ወሰደ።

«ጠይቀኸኝ ነው?» አለው ሚስማር።

«ከእህቴ ባል ጣውላ ለመውሰድ ማመልከቻ ልጻፍ እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ሚስማር አልሳቀም።

«መጻፍ ከቻልክ ጻፍ» አለ።

ይህኔ ደግሞ የሳቁት አናጢዎቹ ናቸው። ቱንቢ ፊቱ ጠቆረ። «በረንዳ የጣለ ሰው አፍ አለው» አለና ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። አናጢዎቹ መዶሻቸው ላይ ቀይ ክር አሰሩ። ግንበኞቹ የሲሚንቶ ማንኪያቸው እንዳይሰረቅ ይዘውት ሽንት ቤት መሄድ ጀመሩ። ሳል እንኳ ትርጉም ተሰጠው። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም አያለሁ። ማንንም አላመንኩም።

በግንባታ ሥራ ሁሉ ነገር የሚለካው ከአንድ ምልክት ነው። ከመሬቱ ወለል አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በየምሰሶው ላይ ይሰመራል። ምልክቱን ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የምናሻግረው በውሃ ልክ ጎማ ነው፤ ውስጡ የሚታይ፣ ውሃ የሞላበት ቀጭን ጎማ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል። ውሃ ለማንም አያዳላም። ልማዱ ግንበኛው አንዱን ጫፍ፣ አናጢው ሌላውን ይዘው አብረው እንዲያሰምሩ ነው። በዚያ ሳምንት ግን አንዱ የያዘውን ጫፍ ሌላው የሚያምን አልሆነም።

«አባባ ያስምሩልን» አሉኝ ሁለቱም። ከጠቡ ወዲህ የተስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ነው።

በዝናብ ውስጥ ብቻዬን አሰመርኩ። አንዱን ጫፍ ምሥራቁ ምሰሶ ላይ በሽቦ አስሬ፣ ሌላውን ይዤ፣ እየተመላለስኩ። ግንበኞቹ ከምሥራቁ ምልክት ተነሥተው ግድግዳ ሠሩ። አናጢዎቹ ከምዕራቡ ምልክት ተነሥተው የፎቁ አርማታ የሚሞላበትን ጣውላ ዘረጉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጣውላውና ግድግዳው መሀል ላይ ተገናኙ። ጣውላው ከግድግዳው ራስ አራት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ቆመ።

«ጣውላህን ሰቅለኸዋል» አለ ቱንቢ።

«ግድግዳህን አሳጥረኸዋል» አለ ሚስማር።

«አማቼ፣ ግድግዳ አያጥርም። ድንጋይ አይደለም እንዴ?»

«ምልክት ግን ይፋቃል።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል እሳት ሆነች። ሥራ ተቋራጩ በስልክ የሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ቅዳሜ አርማታ ይሞላል፤ ያበላሸው አለቃ ስሙ ይነገረኝና ይሰናበታል።

ስልኩን ያነሣችው መሐንዲሷ ናት። ልጅ ናት፤ ከታናሿ ልጄ ታንሳለች። ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። በዚህ እወዳታለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሰው ሳይገባ ዕቃ ቤቱን ስከፍት ሚስማርን አየሁት። በግንበኞቹ በኩል፣ ምሥራቁ ምሰሶ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ሜትርና እርሳስ ይዟል። ግራ ቀኝ አየና ተነሥቶ ሄደ። ምሰሶውን ሄጄ አየሁ፤ የተፋቀ ነገር አላገኘሁም። ቢሆንም መሐንዲሷ ስትመጣ ያየሁትን ነገርኳት።

ጠራችው።

«ጠዋት በዚያ በኩል ምን ስትሠራ ነበር?»

«ስለካ።»

«ብቻህን ለምን?»

«ከማን ጋር ልለካ? ከአማቼ ጋር?» ቀና ብሎ ወደ ዕቃ ቤቱ በር አየ። እኔ እዚያ ነበርኩ። «ገባኝ» አለ። ወደ ጣውላው ተመለሰ።

ለምን እንዲያ እንዳየኝ አውቃለሁ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ መጋዘን አብረን ስንሠራ ነበር። የበረንዳውን አርማታ ደግፈው የያዙት እንጨቶች ገና መነሣት የለባቸውም ነበር። እንጨቱ ለሌላ ቦታ ስላስፈለገኝ በአራተኛው ቀን ነቀልኩት። በረንዳው ወረደ። ሰው አልተጎዳም። አለቃው ሁላችንንም አሰልፎ «ማን ነቀለ?» አለ። እኔ መሬት አየሁ። አምስት ልጅ ነበረኝ። ሚስማር ያን ጊዜ ላጤ ነበር። «እኔ ነኝ» አለ። ስነቅል ያየኝ እሱ ብቻ ነው። አባረሩት፤ ሁለት ዓመት የሚቀጥረው አጣ። ሲያገባም የሚስቱ ቤተሰብ በረንዳውን አንሥተው ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላነሣብኝም። እኔም አላነሣሁም። ዝም ያሉት ነገር ግን አይቀልም።

ዓርብ ከሰዓት መሐንዲሷ ሁለቱን ቡድን ዕቃ ቤት ሰበሰበች። ውጭው ዝናብ ነው። ግንበኞች በአንድ ግድግዳ፣ አናጢዎች በሌላው ተደገፉ።

«እዚህ ቤት ውስጥ ‹ማን› የሚል ቃል አይነገርም» አለች።

«ታዲያ ምን ቀረን?» አለ ቱንቢ።

«ሜትር።»

ቱንቢን የአናጢዎቹን ሥራ እንዲለካ፣ ሚስማርን የግንበኞቹን እንዲለካ ላከቻቸው። እያንዳንዱ የሌላውን ልክ በራሱ አፍ እንዲናገር። ወጡ። ሰው ሁሉ እስኪመለሱ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ረጥበው ተመለሱ።

«ከምዕራቡ ምልክት ሲለካ» አለ ቱንቢ፤ ሜትሩን እየጠቀለለ። «ጣውላው ልክ ነው።»

«ከምሥራቁ ምልክት ሲለካ ግድግዳው ልክ ነው» አለ ሚስማር፣ መራራ መድኃኒት እንደ ዋጠ ሰው።

ሁለቱም ልክ ከሆኑ ምልክቶቹ ናቸው የተለያዩት። ይህ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው፤ ግን የተረዱት በየራሳቸው መንገድ ነው።

«እንግዲያ ምልክቱን የነካው ሰው አለ» አለ ከግንበኞቹ አንዱ። «ረቡዕ ጠዋት እዚያ የተገኘው...» አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ሁሉም ወደ ሚስማር ዞሩ። ሚስማር ክንዱን አጣምሮ ቆመ፤ እንደዚያን ጊዜው።

እኔ ፊቱን ላለማየት ዓይኔን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የውሃ ልኩ ጎማ መስቀያው ላይ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ያሰመርኩበት ውሃ አሁንም ውስጡ ነው። በዚያ ክረምት አይጥ በልቶት መሀሉን ቆርጬ በጥቁር ጎማ ቀጥዬው ነበር፤ በጥቁሩ ውስጥ ምን እንዳለ አይታይም። አሁን ሲሰቀል፣ ከጥቁሩ መገጣጠሚያ በላይ፣ ጣት የሚያህል አየር ወጥቶ ቆሟል።

አየር ያለበት ጎማ ይዋሻል። ይህን የማያውቅ ግንበኛ የለም። ሠላሳ ዓመት «መጀመሪያ አየሩን አስወጡ» እያልኩ ሰው ስገሥጽ የኖርኩ ነኝ። በዚያ ቀን ዝናቡ ሲያጣድፈኝ ውሃውን ሞላሁና ሳላየው ተነሣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰው እጅ ስጠብቅ የገዛ እጄን አልጠበቅሁም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይኼ ነው።

ማንም ጎማውን አላየም። አውርጄ ውሃውን ደጅ ማፍሰስ ይበቃኝ ነበር። ቁልፉ ወገቤ ላይ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ ቁልፍ የሚሰጠኝ የለም። ሚስማር በዝምታው ይሄድ ነበር። አንዴ ሄዷል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ጎማውን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አየሩን በጣቴ አሳየኋቸው። መሐንዲሷ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አንድ ሰው ብቻውን ማስመር አልነበረበትም» አለች። «እኔ ነኝ ያልተከታተልኩት።»

«አይደለም ልጄ። የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ጎማውን በአዲስ ውሃ ሞሉት። አየሩ እስኪወጣ ቱንቢና ሚስማር ጫፍና ጫፍ ይዘው ቆሙ። አንሣ፣ ዝቅ አድርግ፣ ቆይ እየተባባሉ ለኩ። የምዕራቡ ምልክት አራት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ። ጣውላው መውረድ አለበት ማለት ነው። ከሥሩ ሰባ ድጋፍ እንጨት አለ፤ በእያንዳንዱ ሥር ከፍታውን የሚይዝ ሽብልቅ ተመትቷል። ሽብልቁን ማላላት ያለበት ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ፣ ጥቂት በጥቂት ነው፤ ለአናጢዎቹ ብቻ የሚቻል አልነበረም። ግንበኞቹ ሳይጠሩ ገቡ።

ሥራው ላይ ሳሉ ቱንቢ ልቡ ሞቅ አለ።

«አማቼ ቀስ በል! ቶሎ ማውረድ እንደምትወድ እናውቃለን። ይኼ በረንዳ አይደለም!»

ሳቅ ሆነ። እርቅ የሚሞክር ሰው ቀልድ ነው፤ ክፋት የለውም። ሚስማርም ሽብልቁን መታ።

አካፋ ይዤ በአጠገባቸው ሳልፍ ነበር። አካፋውን አስቀመጥኩ።

«ያን በረንዳ የጣልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እንጨቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። እሱ አልነበረም።»

መዶሻ ሁሉ ቆመ። ቱንቢ እኔን አየ፤ ሚስማርን አየ።

«እውነት ነው?»

«ጋሼ አምስት ልጅ ነበራቸው» አለ ሚስማር።

«እህቴ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ከጎንህ ተኝታ? ዛሬውኑ ንገራት!»

«እኔ አልነግራትም» አለ ሚስማር። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ቀጥ ብሎ አየ። «የነቀለው ይንገራት።»

ቅዳሜ አርማታው ተሞላ። ሥራ ተቋራጩ ስም ጠየቀ፤ መሐንዲሷ ስሜን ሰጠች። «ይቅርታ አባባ» አለችኝ። «ልክ ነሽ» አልኳት። ቁልፉን ፈርማ ተቀበለችኝ።

ከዚያ ወደ ሚስማር ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ከፈተች። ዘንቢሉ እጇ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ምሳ ዕቃ ባዶውን ተመልሷል። ልታስገባኝ ስትል እንቢ ብዬ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ነገርኳት፤ በረንዳውን፣ እንጨቱን፣ ዝምታዬን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ወንድሟ ከበስተኋላዬ መጥቶ ቆሞ ነበር፤ ባሏም።

«ይኼን ለመናገር ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብዎ?» አለች።

«አዎ» አልኩ።

ዘንቢሉን መሬት አስቀምጣ፣ እኔን አልፋ፣ ባሏ ዘንድ ሄደች።