የምሳው ተረኛ

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ተገኘ ከቤቷ አጥር ላይ ቆሞ «ልጅሽ ኮከቤ ወድቃለች» ባላት ጊዜ አዛለች መጀመሪያ የታያት ገደሉ ነበር። ከራቤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ አምባ ልጅ ወደቀ ሲባል ሌላ ነገር አይታሰብም።

«ከገደል ነው? ንገረኝ እንጂ!»

«ኧረ ክፍል ውስጥ ነው። ቆማ እያነበበች ዝልፍልፍ ብላ ወደቀች። ነፍሷ አለ፤ አይዞሽ፣ ነይ።»

ነጠላዋን በወጉ ሳታጣፋ ተከተለችው። የሰባት ዓመት ልጇ በርዕሰ መምህሩ በአቶ ይሥሐቅ ክፍል፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድማ አገኘቻት። በስኳር የተበጠበጠ ውሃ አጠጥተዋት ከንፈሯ ገና እርጥብ ነበር።

«የጤና ሠራተኛዋ አይታት ሄደች» አሉ አቶ ይሥሐቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በሽታ አላገኘችባትም። ረኀብ ነው አለች።»

አዛለች ቃሉን ሰማችው እንጂ ወዲያው አልገባትም። በልጉም ክረምቱም በከዳበት በዚያ በ፳፻፰ ዓመተ ምሕረት፣ ባሏ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ከወረደ ወዲህ፣ ሙሉ እምነቷን የጣለችው በዚህ ግቢ ድስት ላይ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ለተማሪው ሁሉ ስንዴና ክክ ይቀቀላል። «በላሽ?» ስትላት ኮከቤ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። እናትም ይህን እውነት ብላ የጧቱን ቁርስ ከኮከቤ ነጥቃ ለታናሽ ወንድሟ ስትሰጥ ከረመች። በገዛ እጇ! አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እዚህ እየበላች እንዴት ትራባለች?»

ምግብ አብሳይዋ አረጋሽ ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እኔ እኮ ቤቷ የምትበላ መስሎኝ! ሰልፍ ሲጀመር ሹልክ ብላ ትወጣለች። ከዚህ ሁሉ ውርንጭላ የትኛውን ልጠብቅ?»

«ኮከቤ» አለች አዛለች። «ምሳሽን ለምን አትበዪም?»

ልጅቱ የቀሚሷን ጠርዝ ቋጠሮ በጥርሷ ፈታ ሦስት የአንድ ብር ሳንቲሞች በእናቷ መዳፍ ላይ አኖረች። በየወሩ ለምሳው ማገዶ መዋጮ ብላ እናቷ የሰጠቻት ገንዘብ ነው።

«ይኸው። አልሰጠሁም። አልገባንም።»

«ምን ውስጥ?»

«ማኅበሩ ውስጥ።»

አቶ ይሥሐቅን ሳቅ አመለጣቸው። የአዛለችን ፊት ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

«ሁሉም ብር አዋጣ» አለች ኮከቤ፣ የሚታወቅ ነገር እንደምታስረዳ ሰው በትዕግሥት። «ከዚያ ድስት ተጣደ፤ አንድ ላይ በሉ። ሚካኤልን ስንዘክር እንዲሁ አይደል? የበላ ሰው ጽዋውን ተሸክሞ ቤቱ ይወስዳል፤ በተራው ያበላል። እኛ ተራችን ሲደርስ ይህን ሁሉ ተማሪ በምን እናበላለን? ሴቷ በግ እንደሆነች ተሸጣለች። ጓዳ ገብተሽ አፍሽን በነጠላ ይዘሽ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ።»

አዛለች ባለፈው ዓመት የማኅበሩ ተረኛ ሆና፣ ለጌሾና ለብቅል መግዣ የመጨረሻዋን በግ የሸጠች ዕለት፣ ከእግዜር በቀር ያያት ያለ አልመሰላትም ነበር።

«ልጄ» አሉ አቶ ይሥሐቅ ጎንበስ ብለው፣ «ይኼ እርዳታ ነው። ስንዴው በመኪና የመጣ ነው፤ ተራ የለውም።»

«የላከው ማን ነው?»

«ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች።»

«የእነሱ ተራ ሲያልቅስ ማን ያበላል?»

ርዕሰ መምህሩ ቀና ብለው አረጋሽን ምግብ እንድታመጣ ጠቀሷት። ለዚህ ጥያቄ በወረዳው ስብሰባ ላይም መልስ የሰጠ አልነበረም።

አረጋሽ ሰሐኑን ሞልታ አመጣች። ትኩሱ ክክ አወደ፤ የልጅቱ አፍንጫ ተርገበገበ፤ እጇ ግን ከጭኗ ላይ አልተነሣም። አዛለች በሁለት እጇ የልጅቱን ፊት ያዘች።

«ተራው ቢደርስ እኔ እወስደዋለሁ። ጽዋውን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም። ብዪ።»

«በሚካኤል?»

አዛለች በዚህ ስም በዋዛ ምላ አታውቅም። «በሚካኤል» አለች።

ልጅቱ በላች። የበላችበት መንገድ ግን ለማየት የሚቻል አልነበረም፤ አንገቷን ደፍታ፣ ሳታላምጥ፣ የሚነጥቃት እንዳለ ሁሉ ሰሐኑን በክንዷ ከልላ። እናት ዐይኗን ልታሸሽ ሞከረች፤ እንቢ አላት። ሰሐኑ ሲጋመስ ኮከቤ ድንገት አቆመችና ቀና አለች።

«እማዬ፣ የእነመሲን ጽዋስ ማን ይወስድላቸዋል?»

«የእነማንን?»

ልጅቱ በአገጯ ወደ ውጭ አመለከተች። ተማሪው በኩሽናው ፊት እየተጋፋ ሲሰለፍ፣ ከጓሮው የድንጋይ ካብ ሥር ሦስት ትንንሽ ልጆች ጀርባቸውን ለጢሱ ሰጥተው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠው ነበር።

«እኔ ነኝ እንዳትበሉ ያልኳቸው» አለች ኮከቤ። «እናቶቻቸው እንዳያለቅሱ ብዬ።»

አረጋሽ «በስመ አብ!» ብላ ጭልፋዋን ጥላ ሮጠች። አዛለችም ልጆቹን ልትጠራ ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለቻት።