ሰባ ግራም

የማተሚያ ማሽኑን ከአይሱዙው ለማውረድ ስድስት ጎረምሳ አልበቃም፤ ሰባተኛውን ከመንገድ ጠሩት። ተካልኝ የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አንዱን እንዲያዳልጠው በልቡ ይለማመን ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ የጁባዋ ማላኪያ ሰፈር ጭቃ ሆናለች፤ ለሚያዳልጠው ሰው የሚያንስ ነገር አልነበረም። ማንንም አላዳለጠም። የዝሆን ግልገል የሚያክለው ማሽን እንደ ሙሽራ ተደግፎ ኮሪደሩ ውስጥ ገባ። ከኋላው ማንያህልሻል ተከተለች፣ ነጭ ጫማዋ ላይ አንዲት የጭቃ ነጥብ ሳይኖርባት።

"ደህና አደሩ ጋሼ?" አለችው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። ፊቱ ግን ማንንም አላመሰገነም።

ከጁባ እስከ ድንበሩ ኒሙሌ ድረስ የቶነርን፣ የፕሪንተር ቀለምን፣ ነገር የሚያውቅ ሰው ቢቆጠር አንደኛው ተካልኝ ነው፤ ሁለተኛ የለም። ቶነሩን ሳይከፍት፣ በእጁ አንዴ ነቅነቅ አድርጎ ስንት ገጽ እንደቀረው ይነግርሃል፤ ቢሳሳት በአሥር ገጽ ነው። ለዚህ የአካባቢ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቶነርና ወረቀት ሲያቀርብ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ጽሕፈት ቤቱ አሥራ አንድ ፕሪንተር ነበረው፤ ሁለቱ እንኳ ዘመድ አይደሉም። አንዱን የእርዳታ ድርጅት ትቶት ሄደ፣ አንዱን የቀድሞ ኃላፊ ከካምፓላ ጭኖ አመጣው፣ ሌላውን ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ የለም። ጠረጴዛው ላይ የራሱ ፕሪንተር የሌለው ኃላፊ ኃላፊ መሆኑ አይታመንለትም። የአንዱ ቶነር ለሌላው አይገባም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሆነው ቢሮ ቶነር ያልቅበታል፣ ያለቀበትም በጥድፊያ ያስገዛል። በጥድፊያ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዋጋ አይከራከርም። ተካልኝ ሁለት ልጆቹን ናይሮቢ ያስተማረው፣ ጉዴሌ ላይ ቤት የሠራው በዚህ ጥድፊያ ነው።

ማንያህልሻል ይሄን ጥድፊያ ልትገድለው መጣች። አራት ዓመት እሱ ሱቅ ሠርታ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ምክንያቷን ሳትናገር ለቀቀች። ባለፈው ወር ደብተር ይዛ ከቢሮ ቢሮ እየዞረች ከፕሪንተሮቹ የሚወጣውን ስትቆጥር ከረመች። ከአሥር ገጽ አራቱ ወይ ማንም ሳያነሳው የቀረ፣ ወይ የሰርግ ጥሪ፣ ወይ የመዝሙር ግጥም፣ ወይ የልጅ የቤት ሥራ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ማመልከቻ አስገባች። አሥራ አንዱ ይነሱ፤ ኮሪደር ላይ አንድ ማሽን ይቁም፤ በወረቀቱ ሁለቱም ገጽ ያትም፤ ሠራተኛው በመለያ ቁጥሩ ያውጣ፤ ቶነሩም ጥገናውም በእኔ ይሁን፤ እናንተ ለወጣው ገጽ ብቻ ክፈሉ። ወጪው በግማሽ ይወርዳል አለች።

በግማሽ! ይህቺን ቃል በጁባ ያልሰማት ሀበሻ አልቀረም። ዛሬ ጠዋት የገዛ ሚስቱ አባይነሽ ሻይ እየቀዳችለት ያቺ ልጅ ጭንቅላት አላት አለች። ተካልኝ ቁርሱን ትቶ ተነሳ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ቁርስ ትቶ ሲወጣ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ተኩስ ነበረ።

የግዢ ኃላፊዋ አቤኒ የውድድሩን ነገር አሳጥራ ተናገረች። የስደተኛ ልጅ ሆና ጋምቤላ ያደገች፣ የተካልኝ እኩያ ናት፤ በአማርኛ ስትቀልድ አገሬው ያፍራል። ማሽኑ የበጀቱን ሰነድ አምስት መቶ ቅጠል በሁለት ገጽ ያለ ችግር ካወጣ የሦስት ዓመቱ ውል የማንያህልሻል ነው። ካልቻለ የተካልኝ ውል እዚሁ ለአንድ ዓመት ይታደሳል። ሁለቱም ያዩትን ጽፈው ይፈርማሉ።

ማንያህልሻል ይዛ የመጣችውን ወረቀት ልትከፍት ስትል ተካልኝ እጁን አነሳ።

"ወይዘሮ አቤኒ፣ አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ሙሽራ በራሷ ሽቶ አትመዘንም። ፍትሕ ከሆነ ጽሕፈት ቤቱ በሚጠቀምበት ወረቀት ይሁን።"

"ውል ሊታደስ ሲል እርስዎ፣ ከታደሰ በኋላ አንቺ ነኝ አይደል?" አለች አቤኒ። ቢሆንም ነገሩ ልክ ነበርና ከግምጃ ቤት የተከፈተ የወረቀት ካርቶን አስመጣች።

ማሽኑ ጀመረ። ተካልኝ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ሐር የሚቀደድ ይመስላል። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ፤ ገጹ ጥርት ያለ፣ ሞቅ ያለ። እንዲህ ያለ ማሽን በሕልሙ እንኳ ለሱ ሱቅ አልመጣም።

ስልሳኛው ላይ ቀጭ አለና ቆመ። ማንያህልሻል የማሽኑን በር ከፍታ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ወረቀት ስባ አወጣች። እንደገና አስነሳችው፤ በአሥራ ሁለት ቅጠል ቆመ። በሦስተኛው በአምስት። ጠረጴዛው ላይ ላለው ፕሪንተር የሰጋው የአስተዳደር ኃላፊ "ኸላስ፣ አበቃ" ብሎ እጁን አራገፈ። ተካልኝ ደስታው እንዳያፈነዳው ሁለት እጁን ሆዱ ላይ አጣጥፎ ያዘ።

ያኔ ማንያህልሻል ከመጫኛው አንድ ነጭ ወረቀት አነሳች። ጫፉን በሁለት ጣቷ ይዛ ጆሮዋ አጠገብ ነቅነቅ አደረገችው።

ተካልኝ ነገሩ ገባው። ወረቀት በጆሮ እንደሚመዘን ያስተማራት እሱ ነው። ወፍራሙ ሰማንያ ግራም ኳ ይላል፤ ስሱና ርካሹ ሰባ ግራም ይንሾካሾካል። ዶላር የጨመረ ጊዜ ሰባ ግራሙን በሰማንያ ግራም ካርቶን ማስገባት ጀመረ፤ ደረሰኙም ሰማንያ ይላል። ትናንሾቹ ፕሪንተሮች ቀስ ብለው ስለሚስቡ ቻሉት፤ ካርቶኑ ተከፍቶ በዝናብ እርጥበት ለስልሶም ቻሉት። እየገለበጠ በሁለት ገጽ የሚያትም ፈጣን ማሽን ግን አይችለውም። ካርቶን ሲቀየር ያየች እሷ ብቻ ነበረች። የለቀቀችውም በዚያው ወር ነው። ተካልኝ ግን እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ውለታ ቢስነቷ ነበር።

ቀና ብላ አየችው። እሱም ተዘጋጀ። አፏን ከከፈተች የሚመልስላት ስድብ እስከ እሑድ የሚበቃ ነበር፤ ተመቀኘችኝ፣ እንጀራዬን በልታ ከዳችኝ፣ እያለ ከወንዝ ማዶ ጉምቦ ድረስ የሚሰማ ጩኸት አዘጋጅቷል።

እሷ ወረቀቱን ወደ ቦታው መለሰች።

"ምንድነው ችግሩ?" አለች አቤኒ።

"ከማሽኑ ይሆናል" አለች ማንያህልሻል ቀስ ብላ። "በደንብ ሳልፈትሽ ነው ያመጣሁት።"

"እርግጠኛ ነሽ? ወር ሙሉ የለፋሽበት ነው እኮ።"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ቅጹን ተቀብላ ማሽኑ አልቻለም ብላ ጻፈችና ፈረመች። ለዚህ ማሽን ኪራይ የወርቅ ሐብሏን እንዳስያዘች አባይነሽ ነግራው ነበር፤ አሁን አንገቷን ሲያይ እውነትም ባዶ ነው።

አቤኒ ቅጹን ለተካልኝ ገፋችለት። "በል፣ አሸናፊው፣ ጻፍ። ደስታህን በሁለት መስመር ጨርስልኝ።"

ብዕሩን ያዘ። መጻፍ የሚገባው ሁለት ቃል ነው፤ ማሽኑ አይሠራም ብሎ መፈረም። የሁለት ቃል ዋጋ አንድ ዓመት እንጀራ። ከኮሪደሩ ጥግ ማንያህልሻል ጎንበስ ብላ የኤሌክትሪክ ገመዷን ትጠቀልላለች። አልተናደደችም። አላለቀሰችም። እንደ ታላቅ እህት ገመናውን ሸፍናለት ልትሄድ ነው።

ይሄ ነው ያንገበገበው። በማሽን በለጠችው፣ እሺ። በሒሳብ በለጠችው፣ እሺ። ሚስቱ አፍ ላይ በለጠችው፣ ያም ይሁን። በጨዋነት ደግሞ? ነገ አባይነሽ ይሄን ብትሰማ ስንት ቁርስ ትቶ ሊወጣ ነው?

"ምነው፣ እጅህ ታሰረ?" አለች አቤኒ።

"ትንሽ ቦታ ነው የተውሽልኝ" አለ ተካልኝ፤ አንቺ ማለቱን ሳያውቀው። "እኔ ስጽፍ ሰፋ አድርጌ ነው።"

ቅጹን ገልብጦ በጀርባው፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል ጻፈ፦ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ወረቀቱ ሰማንያ ተብሎ የተሸጠ ሰባ ግራም ነው፤ ሻጩ እኔ ነኝ። ፊርማውን እንደ ሁልጊዜው ሦስት ጊዜ አዟዙሮ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረበት። ለአቤኒ ከመስጠቱ በፊት ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ማንያህልሻል ገመዷን ትታ ቀና እስክትል ድረስ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘው።