የማለዳው ቅቤ

“አፉን ክፈቺልኝ” አለች ግግ አውጪዋ በሰለች፣ ወስፌዋን በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች።

ለተጊዮርጊስ የሦስት ወር ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንደያዘች አልተነቃነቀችም። ሕፃኑ ዘርአ ዳዊት የመጣበትን ሳያውቅ የሴትዮዋን ማተብ ለመያዝ እጁን ይዘረጋል። ሆዱ ትንሽ ለቀቅ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም፤ ይጠባል፣ ይስቃል፣ ይተኛል። ጎረቤቱ ግን “ግግ ነው፤ ድዱ ውስጥ ያለው ክፉ ጥርስ ካልወጣ አይድንም” ብሎ ፈረደበት። ግግ አውጪዋም ከጎረቤላ ዳገቱን ወጥታ መጣች።

“ግግ አይደለም” አለች ለተጊዮርጊስ ወደ ባሏ ዞራ። “ነግሬዎት የለ? እማሆይ ለንግሥ ሄደው በሰነበቱ ጊዜ ቅቤ የሚያስውጠው ሰው አልነበረም። ሆዱ ደህና ሆኖለት ነበር። በተመለሱ በማግሥቱ እንደገና ጀመረው። አንድ ነገር ይበሉ እንጂ!”

ቄስ ገብረአብ አቀረቀሩ። ቅዳሴ ላይ ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያኑን የሚሞላው ሰው እናታቸው ፊት ሲሆኑ ቃል አይወጣቸውም።

“እናቴ አሥር ልጅ አሳድገዋል” አሉ በመጨረሻ። “እኔ ምን አውቃለሁ?”

“ቅቤ ሆድ ሲያበላሽ የት አይተሻል?” አሉ የቄሱ እናት እማሆይ ወለተሐና። “እንገርሽን፣ ያንን ቢጫ የመጀመሪያ ወተት፣ አስፈስሼ ቅቤ ባላስውጠው ኖሮ ይሄኔ አንጀቱ ደርቆ ነበር።”

ክፋት የለባቸውም፤ የከፋውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ጮኻ ትጣላቸው ነበር። በየማለዳው ጸሎታቸውን እንደጨረሱ፣ ታጥቦ ከማያውቀው ቅል ቅቤ በጣታቸው ዛቅ አድርገው ልጁን የሚያስውጡት ስለሚሳሱለት ነው። ለበኩር ልጇም እንዲሁ ይሳሱላት ነበር። እሷም ሆዷን ሲያማት ግግ ወጣላት፤ በስምንተኛው ቀን ቀበሯት። ግጉ በወጣላት ዕለት ለተጊዮርጊስ ጓሮ ወጥታ ጆሮዋን ደፍና ነበር።

“በይ ስጪኝ፤ እኔ ልያዘው” አሉ እማሆይ።

“አይ፤ እኔው እይዘዋለሁ።”

ራሱን በጉልበቶቿ መካከል ያዘችው። ወስፌው ሲገባ የልጁ ጩኸት ቤቱን አናጋው። እሷም አብራው አለቀሰች፤ እጇን ግን አላላላችም።

“ወጣ!” አለች በሰለች፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር እያሳየች። “አሁን ቁስሉ እንዲለዝብለት ቅቤ አቅምሱት።”

ለተጊዮርጊስ የልጁን ደም በነጠላዋ ጠረገች። ስምንት ቀን፣ አለች በልቧ፤ ስምንቱን ቀን እንዴት እንደምትገፋው አላወቀችም። እማሆይ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ቅሉን ይዘው ቀረቡ።

“ለእኔ ይስጡኝ” አለች እጇን ዘርግታ። “እርስዎ እንግዳዋን ይሸኙ። ከዛሬ ጀምሮ ማለዳ ማለዳም እኔው አስውጠዋለሁ።”

እማሆይ ፊታቸው በራ። ምራታቸው ልብ የገዛች መሰላቸውና ቅቤውን መዳፏ ላይ አደረጉላት። “ተመስገን!” እያሉ በሰለችን ተከትለው ወጡ።

ለተጊዮርጊስ ሻሿን ገለጥ አድርጋ ቅቤውን ፀጉሯ ላይ ለደፈችው። መዳፏን በቀሚሷ እስኪደርቅ ጠረገችና ጡቷን አወጣች።

“ዋጠልሽ?” አሉ እማሆይ ከደጅ።

“ውጦታል፣ እማሆይ” አለች።