የእያሱ ቁመት

ወንድሜ እያሱ በአንድ ክረምት አደገ። ሰኔ ላይ ብብቴ ሥር የሚገባ ልጅ ነበር፤ መስከረም ላይ ቀና ብዬ የማየው ሆነ። እጁና እግሩ ቀድመውት ሄዱ፣ አፍንጫው ተከተለ፣ ድምፁ ደግሞ መንገድ ላይ ተሰብሮ ቀረ። አንዱን ቃል በሕፃን ድምፅ ጀምሮ በሽማግሌ ድምፅ ይጨርሰዋል። እኔ በሳቅ እሞት ነበር። እናታችን ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፣ ሲገባ ጎንበስ ማለቱን አየችና ፊቷ ዐመድ መሰለ።

ሌላ ቤት ቢሆን «እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጅሽ አደገልሽ» ይባላል። እኛ ቤት ማደግ በሽታ ነበር። ጃንሆይ ፌዴሬሽኑን አፍርሰው ኤርትራን ጠቅላይ ግዛት ካደረጓት ወዲህ ነገሩ ከዓመት ዓመት ሲብስ መጥቶ፣ በሥልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት አሥመራ ውስጥ ረዥም ሱሪ የለበሰን ወጣት ሁለት ወገን ይፈልገው ነበር። ጦሩ ሽፍታ ነህ ብሎ ለእስር፣ የነጻነት ግንባሩ ወንድ ነህ ብሎ ለጠመንጃ። ታላቃችን ዘርአብሩክ ዳቦ ልግዛ ብሎ እንደወጣ በረሃ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ወታደሮች ጎዳይፍ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ደጋግመው ፈትሸውታል፤ የእናቴን የእህል ማድጋ ሳይቀር ገልብጠው አይተዋል። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። ለእናታችን ለለተገብርኤል የቀራት ወንድ የዐሥራ አራት ዓመቱ እያሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሐሳቧ ሁሉ አንድ ሆነ፤ እያሱ ሕፃን ሆኖ እንዲቆይ።

መጀመሪያ ቁምጣ ላይ ሙጭጭ አለች። ልብስ ሰፊው እያሱን ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ለክቶ፣ «ለተገብርኤል፣ በዚህ ላይ ጥቂት ጨርቅ ብትጨምሪበት እኮ ሱሪ ይወጣዋል» አላት።

«ቁምጣ ነው ያልኩህ።»

«ለማን ነው? ለሚፈትሸው ዐሥር አለቃ?» ብሎ ሳቀ። እሷ ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች። እያሱ ያን ቁምጣ ለብሶ፣ ጠጉር ያወጣ እግሩን እያንዠረገገ ትምህርት ቤት ይሄድ ጀመር። ጓደኞቹ በጣሊያንኛ «ባምቢኖ»፣ ሕፃኑ፣ አሉት፤ ስሙ ባምቢኖ ሆኖ ቀረ።

ከአፍንጫው ሥር የበቀለችውን ጺም ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷ ትላጨዋለች። በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ አገጩን ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ ምላጩን ታሳልፋለች። ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ግንባሩን ትስመዋለች። «አውቶቡስ ውስጥ አትናገር» ትለዋለች። «ፌርማታ ላይ አትናገር። ሰው ሰላም ቢልህ ራስህን ነቅንቀህ መልስ።» ልጁ ዝምተኛ ሆነ። ዝምታው ደግሞ ይበልጥ ትልቅ ሰው አስመሰለው፤ ይኼን ግን ማን ደፍሮ ይነግራታል።

ከዚያ የባሰው መጣ። እኔ የሹራብ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ፣ እሷ የጣሊያኖች ልብስ ታጥባለች፤ ጠግበን የምናድር ሰዎች ነበርን። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከእያሱ ሳህን እፍኝ የሚያህል ቀንሳ ወደ ድስቱ ስትመልስ ያዝኳት።

«ኣደይ፣ እናቴ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«የሚበላው ሁሉ ቁመት ይሆናል» አለች።

ደሜ ፈላ። «እናት ነሽ ወይስ ምን?» ብያት ወጣሁ። ጓሮ ቆሜ በመስኮት ሳያት ድስቱን ታቅፋ ታለቅሳለች። ተመልሼ ምን ልበላት? እኔ የቻልኩት ባኒ፣ ያው ያንን ትንሹን ክብ ዳቦ፣ በሻርፔ ጠቅልዬ እያመጣሁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መስጠት ነው። በሁለት ጉርሻ ይጨርሰዋል። እንዲህም ሆኖ አደገ። ምን ታደርገዋለህ፣ ገና ዐሥራ አራት ነው።

እያሱን የሚያቃጥለው ግን ርሃቡ አልነበረም። ማታ ማታ የከተማው ወጣት ጸጉሩን አበጥሮ በዋናው ጎዳና ላይ ሽር ሽር ይላል። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላው፤ ሲተላለፉ መተያየት ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ከእሱ ክፍል ጸሃይ የምትባል ልጅ እዚያ ትመጣለች። አንድ እሑድ እያሱ የዘርአብሩክን ሱሪ ከሣጥን አውጥቶ ለብሶ ብቅ አለ። ልክክ ብሎለታል። ቁርጥ ዘርአብሩክን ነበር የሚመስለው።

እናቴ ብድግ አለች። «አውልቅ» አለችው በእርጋታ። አወለቀ። መቀስ አነሣችና ሁለቱንም እግር ከጉልበቱ በላይ ከረከመችው። የበኩር ልጇ የቀራት ልብስ ያ ብቻ ነበር።

እያሱ ግድግዳ ተደግፎ ሲያያት ቆየ። «እኔ መቼ ነው የማድገው?» አላት።

የተቆረጠውን ጨርቅ አጠፈች። «ሰላም ሲሆን» አለችው።

በኅዳር ወር አንድ ማለዳ እናቴና እያሱ ከገበያ በአውቶቡስ ሲመለሱ ጎዳይፍ መግቢያ ላይ ፍተሻ ነበር። እኔ ፋብሪካ ነበርኩ፤ የሆነውን በኋላ ከሁለት አፍ ነው የሰማሁት። ወታደሮቹ መንገደኛውን አውርደው መታወቂያ ይጠይቃሉ። ከመንገደኞቹ አንድ ሽማግሌ አማርኛ አይሰሙም። ዐሥር አለቃው ደጋግሞ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ሌላው ወታደር ሰደፉን ማወዛወዝ ጀምሯል። እያሱ አላስቻለውም። እናቱ ክንዱን ብትቆነጥጠውም በዚያ በተሰበረ ድምፁ ተናገረ፤ የሽማግሌውን ወደ አማርኛ፣ የዐሥር አለቃውን ወደ ትግርኛ እየመለሰ ነገሩን አበረደው። ሽማግሌው በሰላም ተለቀቁ።

እኔ ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፉን ዘግታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች።

«እያሱስ?»

«ዘርእዝጊ ዘንድ ሰደድኩት።» ዘርእዝጊ ወንድሟ ነው፤ ከከረን ወዲያ ባለ መንደር ያርሳል። «የአክስቴ ልጅ የጭነት ማኪናውን ይዞ ሊወጣ ሲል ደረስኩበት። እግዚሄር ይመስገን።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ወታደሩ ዐወቀው፣ ኣብርሄት። ትከሻውን ይዞ ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «እናቴ፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው» አለኝ። «ቤታችሁ የት ነው?» አለኝ። ነገ መጥተው እስኪወስዱት ልጠብቅ?»

ነገሩ ገባኝ። እናቴ አማርኛ የምታውቀው በፍተሻና በገበያ ከምትለቃቅመው ነው፤ የማታውቀውን በራሷ ትግርኛ ትሞላዋለች። በሐማሴን ገጠር፣ እሷ ባደገችበት አገር፣ ጎበዝ ማለት ልጅነቱን የጨረሰ፣ ሚስት የሚያገባ፣ ለዘመቻ የሚጠራ ጎልማሳ ነው። ዐሥር አለቃው የተናገረው ግን የራሱን አማርኛ ነው፤ እኛን አስተማሪዎቻችን ጥያቄ ስንመልስ የሚሉንን።

«ኣደይ፣ በአማርኛ እኮ ብልህ ልጅ ነው ማለት ነው። አመስግኖልሽ ነው።»

«ኣይፋል፣ አይደለም» አለች። «ትከሻውን ይዞታል።»

በማግሥቱ ወደ ፍተሻው ሄድኩ። ፈርቼ ነበር፤ ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ በለጠ። ዐሥር አለቃው ደርበው የሚባል ቀጭን፣ ከንፈሩን ብርድ የሰነጠቀው ሰው ሆኖ አገኘሁት። ትናንት ያስተረጎመው ልጅ እህት መሆኔን ነግሬ፣ ወንድሜን ለምን እንደፈለገው ጠየቅሁት።

«ምን አጠፋሁ እቴ?» አለኝ ግራ ገብቶት። «ሽማግሌውን ከጣጣ አወጣቸው፣ እኛንም ከኃጢአት። አመሰገንሁት። እኔም እሱን የሚያህል ታናሽ ወንድም አለኝ።»

«ቤታችሁ የት ነው ያሉትስ?»

«ወግ ነዋ። ሴትዮዋ ሲርበደበዱ አይቼ ላጫውት ብዬ።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አስደነገጥኋቸው እንዴ?» አለ።

ያን ቀን ሰው የምጠላበት ምክንያት አጣሁ። መጥፎ ሰው ቢሆን እንዴት ቀላል ነበር።

ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ስሙን፣ ወንድሙን፣ የተሰነጠቀ ከንፈሩን ሳይቀር ስነግራት አመነች። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች፤ ልጇን ልትመልስ አውቶቡስ ጣቢያ ሄደች። የከረን መንገድ ግን ተዘግቷል። ከመንገዱ ዳር ውጊያ ነበር አሉ፤ አንድ ትልቅ መኰንን ሞቷል አሉ። አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። አውቶቡስ የለም፣ የጭነት ማኪና የለም፣ በእግር የሚሄድ ይተኮስበታል። እሷ ግን በየቀኑ ጣቢያው ትሄዳለች። ትኬት ቆራጮቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እሷም ዞራ ትመለሳለች።

በታኅሣሥ መጨረሻ የአጎታችን የዘርእዝጊ ሚስት ሣህሊቱ መጣች። ብቻዋን ነበረች፤ በእግሯ ነው የመጣችው። ነጠላዋ ጭስ ጭስ ይሸታል። እናቴ ስታያት ውሃ አቀረበችላትና እግሯን ማጠብ ጀመረች። ሣህሊቱ እግሯ እየታጠበ ተናገረች።

ጦሩ መንደሩን ንጋት ላይ ከበበው። ሕዝቡን ሁሉ ወደ አውድማው አወጡት። ሴትና ሕፃን ወዲህ፣ ወንድ ወዲያ ተባለ። «እኔ እያሱን እጁን ይዤ ወደኛ ጎተትኩት» አለች። «ወታደሩም አየው። ሕፃን ነው ብሎ በእጁ ሂድ አለው፤ አሳለፈው። እኛ ዘንድ ደርሶ ነበር፣ ለተገብርኤል። አጠገቤ ቆሞ ነበር።»

እናቴ ማጠቧን አላቆመችም።

«ከአገራችን ልጆች እሱን የሚያህሉት ወዲያ ቆመዋል። ዘርእዝጊም ወዲያ ነው። ከጎናችን ያሉ ልጃገረዶች ያዩታል። እጁን ከእጄ አወጣ። ያዝኩት፣ ግን ጉልበት አለው። ወደ ወታደሩ ተመልሶ ሄደና በአማርኛ አንድ ነገር ተናገረው። እኔ ቋንቋውን አላውቅም። በወፍራም ድምፅ ነበር፤ ድምፁ አልተሰበረበትም። ወታደሩ ትከሻውን ነቅንቆ ወዲያኛው ጋ ሂድ አለው። ሄዶ ከአጎቱ ጎን ቆመ።»

ወዲያ ከቆሙት አንድም አልተረፈም፤ መንደሩም ተቃጥሏል። እናቴ ብቻ ቀና ሳትል፣ «ምን አለው?» አለች።

«ዐሥራ ስምንት የሚል ነገር ነው። ዐሥራ ስምንት፣ ዐሥራ ስምንት። ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ምን ማለት ነው?»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። እቤት ውስጥ አማርኛ የማውቀው እኔ ነኝ። ምነው ያን ቋንቋ ባልተማርኩት አልኩ። ቁጥር ነው፣ ዕድሜ ነው አልኳቸው። ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነው ማለቱ ነው።

ሣህሊቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እናቴ ውሃውን ይዛ ወጥታ ጓሮ ደፋችው፤ እቃውን አጥባ ደፍታ ተመለሰች።

ማምሻውን የሰፈራችን ቄስ፣ ቀሺ ሃብተሚካኤል፣ ከሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ የመጡትም ሊረዱን ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለተገብርኤል፣ ልጁ ሕፃን ነው። ለሕፃን ድንኳን አይተከልም፣ ተዝካርም የለበትም። በጸሎት፣ እዚሁ ቤት ውስጥ እንጨርሰው» አሏት። ቀጥለውም እውነተኛውን ምክንያት ተናገሩ። «ድንኳን ቢተከል ወታደሮቹ ይመጣሉ። ማን ሞተ፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ የት ሞተ ይላሉ። ሬሳ የለ። ምን ትመልሻለሽ? አንዷን ልጅሽን አስቢያት።»

እኔን ማለታቸው ነው። እውነት ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር፤ እሺ እንድትላቸው ፈልጌ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ለጎረቤት፣ ለአስተማሪ፣ ለፈታሽ፣ ለልብስ ሰፊ «ሕፃን ነው፣ ሕፃን ነው» ስትል ኖራለች። አሁንም አንድ ጊዜ ብትለው ያድነን ነበር።

እናቴ ቀና ብላ፣ «ወደይ፣ ልጄ፣ ሕፃን አይደለም» አለች። «ሙሉ ሰው ነው የሞተብኝ። ለሙሉ ሰው የሚደረገው ይደረግለት።»

ቀሺ ሃብተሚካኤል መስቀላቸውን አሳለሟት። ከዚያ ተነሥተው ሰዎቹን ምሰሶ እንዲያመጡ ላኳቸው። ድንኳኑ ከአስፋልቱ ዳር ተተከለ፤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚያልፍ ሁሉ፣ ወታደሩም ጭምር፣ ያየው ነበር።