ስም የለሹ ቶከን

ጎረቤቴ ደሳለ ላሊበላን ለቱሪስት ሲያስረዳ አፉ ማር ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ወሬው ሁሉ ከስልኩ ጋር ነው። በሁለት ሺህ ስምንት አስጎብኚዎች ብቻ የሚጽፉበት ድረ ገጽ ተከፈተና፣ አንድ ባለሥልጣን የገበሬ መሬት ለሆቴል እንዴት እንዳስነጠቀ እዚያ ጻፈ።

እንዳይለቅሙህ ስለው፣ ድረ ገጹ ቶከን የሚሉት የይለፍ ምልክት አለው አለኝ። የድረ ገጹ ሰዎች መጀመሪያ አስጎብኚ መሆኑን ያጣራሉ፤ ከዚያ ስልኩ በሒሳብ ሸፍኖ የሚልክላቸውን ምልክት ያትሙለታል፤ ሲያትሙ ምልክቱን ራሱን አያዩትም። ኋላ ያንን ሲያሳይ ከአስጎብኚዎቹ አንዱ መሆኑን ያውቃሉ እንጂ የትኛው እንደሆነ አያውቁም። ስድስተኛን በመከራ ለጨረስኩት ለእኔ እንዲገባኝም፣ "ተከናንበው መስቀል እንደ መሳለም ነው ጋሼ ሞላ፤ ቄሱ ባርከዋል፣ ፊት ግን አላዩም" አለ። ወደድኩለት።

ቶከኑስ አልከዳውም። ድረ ገጹ የብዕር ስም ሲጠይቀው ግን ያ ሁሉ ብልጠቱ ጠፋና የክርስትና ስሙን ጻፈ፤ ወልደ ሰንበት። መተተኛ እንዳያገኘን ከልጅነት የምንደብቀው ስም ነውና ከዚያ የተሻለ መሸሸጊያ አልታየውም። ማኅበር ላይ ቄሱ በዚሁ ስም እየጠሩ እንደሚጸልዩልን ረሳው።

ብዙ ሳይቆይ አንድ ባለ ጃኬት እንግዳ በየሆቴሉ ወልደ ሰንበትን ይጠይቅ ጀመር። ሰውየው ሞኝ አይደለም፤ የክርስትና ስም መሆኑ ገብቶታል። ሙጃ ከተማ፣ በጻፈው ነገር የተነሳ ተይዞ የተወሰደ መምህር ነበር፤ እናቱ እስካሁን የት እንዳለ አታውቅም። ደሳለ ፊቱ አመድ መሰለ። እንዳይሸሽ፣ መሸሹ ራሱ ጥቆማ ነው።

የሚካኤል ማኅበር በእኔ ቤት ነበር። መምሬ ገብረ ዮሐንስ ከገጠር የተመለሱት በዚያው ጠዋት ነውና ምንም አልሰሙም። ላስጠነቅቃቸው በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ባለ ጃኬቱን አስከትለው መጡ። መንገደኛ ነው፣ ከበረከቱ ይቅመስ አሉ። የማኅበር እንግዳ ደግሞ አይመለስም።

ደሳለ አጠገቤ ተቀምጦ ጠላውን ያዘ እንጂ አልቀመሰውም።

በእኛ ማኅበር ስሙ የተጠራ ሰው ጎንበስ ይላል። ልማድ ነው፤ ወገብ ሳያስብ ይታጠፋል። መምሬ ስሞቹን መጥራት ሲጀምሩ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። እኔ በስርቆት ገለጥ አድርጌ ሳይ እንግዳው አልጨፈነም። ጎንበስ የሚለውን ሁሉ በዓይኑ ይለቅማል።

"ወልደ ሰንበት" አሉ መምሬ።

የደሳለ አንገት ሲነቃነቅ ተሰማኝ። ጉልበቱን በጉልበቴ ተጫንኩትና እኔ ጎንበስ አልኩ።

ቀና ስል የሰውየው ዓይን እኔ ላይ ነበር። ቀጥሎ የእኔው የክርስትና ስም ተጠራ። ማንም ጎንበስ አላለም። መምሬ ግራ ገብቷቸው አዩኝ፤ ከዚያ እንግዳውን አዩ። ወዲያው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

ጸሎቱ ሲያበቃ እንግዳው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"አባቴ፣ ኢንተርኔት ይጠቀማሉ?" አለኝ በትሕትና።

እንኳን ኢንተርኔት፣ ስልክም የምታበራልኝ ልጄ ናት።

"አዎ" አልኩት።

"እንግዲያው ጋቢዎን ይያዙ" አለኝ፣ "ውጭ ይበርዳል።"